የሰው ምሳ የሚያደርስ ሰው ምሳውን መቼ ይብላ?

ለኢ.ፌ.ዴ.ሪ. የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

አዲስ አበባ ውስጥ በሳይክልና በሞተር ምግብ ከምናደርስ ሰዎች አንዱ ነኝ። የምጽፍላችሁ ስለ ክፍያ አይደለም፤ የክፍያው ነገር ራሱን የቻለ ሙግት ነው። ስለ ምሳ ነው።

የእኛ ሥራ የሚደራው ከተማው ሲርበው ነው። ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት፣ ማታ ደግሞ ከአንድ እስከ ሦስት ስልካችን ፋታ አይሰጥም። ሌላው ሠራተኛ ለምሳ ሲወጣ እኛ የእሱን በያይነቱ አዝለን ከካዛንቺስ ወደ መገናኛ እንሮጣለን። ዝናብ ሲጥል ማንም ከቢሮው ንቅንቅ ስለማይል ይብስብናል። የራሳችን ምሳ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መንገድ ዳር ነው፤ እርጥብ ወይም ሁለት ሳምቡሳ፣ ማወራረጃው ለስላሳ። ሆድ ይሞላል፤ አቀበቱ ላይ ግን ጉልበት አይሆንም። ብልሆቹ በሶ በጥብጠው በኮዳ ይይዛሉ (በጣሳ ከሚሸጠው የኃይል መጠጥ ሁሉ በሶ እንደሚበልጥ የትም ቀርቤ እመሰክራለሁ)። ምሳ ዕቃ ቋጥሮ የሚወጣም አለ። የት ቁጭ ብሎ፣ በየትኛው ደቂቃ እንደሚበላው ግን አያውቅም።

የውሃው ነገር ደግሞ ያሳፍራል። ብዙዎቻችን ጠምቶን እንኳ አንጠጣም፤ የምንገባበት ሽንት ቤት የለማ! ምግቡን የምንረከብበት ቤት «ለተስተናጋጅ ብቻ ነው» ይለናል፤ የሚሸጠውን ምግብ ተሸክመንለት እየቆምን።

የእረፍትን ነገር ስናነሳ የሚሰጠን መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ኦርደር እስኪመጣ ተቀምጣችሁ ትውሉ የለም እንዴ? እሱ እረፍት አይደለም?» አይደለም። ዓይኔ ስልኩ ላይ፣ ጆሮዬ ጥሪው ላይ ነው። አንድ ጉርሻ እንዳነሳሁ ቢጮህ ለመቀበል ያለኝ ጊዜ በሰከንድ የሚቆጠር ነው። ካመለጠኝ ኦርደር በሚልክልን አፕ ላይ ያለኝ ነጥብ ይወርዳል፤ ነጥቤ ሲወርድ ደህና ደህናው ኦርደር ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል። አፑን አጥፍቼ ልብላ ብል ደግሞ የማጠፋበት ሰዓት ያው ምሳ ሰዓት ነው፤ የቀኑ ገቢ ያለበት። እንዲህ ያለው መቀመጥ ለአሠሪው ዘብ መቆም እንጂ እረፍት አይባልም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ከዚህ የራቀ አይመስለኝም። አንቀጽ 61 የሥራ ሰዓት የሚለው ሠራተኛው እጁ ሥራ ላይ ያለበትን ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ራሱን ለሥራ ዝግጁ አድርጎ የሚጠብቅበትም ይቆጠራል። መደበኛው ጣሪያ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። በዚህ ስሌት ምግብ ቤት ደጃፍ የምንቆምበት እያንዳንዱ ደቂቃ ሥራ ነው፤ እረፍታችን ገና አልተሰጠንም ማለት ነው።

«እናንተ አጋር እንጂ ተቀጣሪ አይደላችሁም፤ አዋጁ አይመለከታችሁም» እንባላለን። አጋር ከሆንን ምሳ ለመብላት ማንን ነው የምናስፈቅደው? ይህን ጥያቄ ከእናንተ በቀር የሚመልስልን ያለ አይመስለኝም።

የምንለምነው ሌላ ቦታ ያልተሞከረ ነገር አይደለም። የኒውዮርክ ከተማ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የምግብ አድራሽ አፖች ከምግብ ቤቶች ጋር በሚገቡት ውል ውስጥ አድራሹ በመጸዳጃ ቤቱ የመጠቀም መብቱ እንዲካተት አስገድዳለች። አንድ አንቀጽ ውል ነው፤ ወጪው ሳሙና ነው። ብዙ የአገራችን ልጆች በሚሠሩባት ዱባይ ደግሞ የመንገዶችና ትራንስፖርት ባለሥልጣኑ ለዴሊቨሪ ሞተረኞች አየር ማቀዝቀዣ ያላቸው 40 ማረፊያዎች አሠርቷል። ለእኛ ማቀዝቀዣው ይቅርብን፤ የሐምሌን ዝናብ የሚከላከል ጣሪያና አግዳሚ ወንበር ይበቃናል።

ስለዚህ መመሪያ አውጡልን። በፈረቃው መካከል ቢያንስ ሠላሳ ደቂቃ አፑ ሲጠፋ ነጥብም፣ ጉርሻም፣ የኦርደር ተራም እንዳይነካ ይደንግግ። ሰዓቱን አድራሹ ራሱ ይምረጥ፤ ሁላችንም ሰባት ሰዓት ላይ ካጠፋን ከተማው ይራባል፣ ይህ ይገባናል። የመጸዳጃ ቤቱ አንቀጽ በየውሉ ይግባ። ከከተማው አስተዳደርም ጋር ተነጋገሩልን። በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች ደስ ብለውናል፤ ግን ሳይክሌን ከነሳጥኑ ውጭ ትቼ ብገባ ስወጣ ማግኘቴን እንጃ። ሰንሰለት የሚታሰርበት ብረት እዚያው ቢተከል የሚጠቀመው ብዙ ነው።

ለውይይት ከጠራችሁን እንመጣለን። ስብሰባው ግን ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ይሁንልን፤ ከዚያ ውጭ የሚመጣላችሁ ሰው አይኖርም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ምግብ አድራሽ