ወደ አዲስ አበባ የሚላከው የሆድ ሕመም

በነቀምቴና በሌሎች የወለጋ ከተሞች ምንነቱ ያልታወቀ የሆድ ሕመም ሲያጋጥም የሚሰማው መልስ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ «ሲቲ ስካን ያስፈልገዋል፣ አዲስ አበባ ይሂድ።» ሐኪሙም አስታማሚውም፣ ከነቀምቴው ባኬ ጃማ ሰፈር በሽተኛውን ሊሸኝ የወጣው ጎረቤትም በዚህ አይለያዩም። ከመልሱ በስተጀርባ ያለው እምነት ብርቅ በሽታ የሚገኘው በትልቅ መሣሪያ ብቻ ነው የሚል ነው። ይህ እምነት ስህተት ነው፤ ሰውም ይገድላል።

ለመሆኑ ብርቅነቱን የለካው ማን ነው? በእጅ ያሉት የራዲዮሎጂ መማሪያዎች በአብዛኛው የተጻፉት በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ነው። በእነዚህ መጻሕፍት የሲግሞይድ፣ ማለትም የትልቁ አንጀት የታችኛው ክፍል፣ መጠማዘዝ አልጋ ላይ የዋለ፣ ሆድ ድርቀት ያጠቃው አዛውንት በሽታ ነው። በኢትዮጵያ ግን ለአንጀት መዘጋት ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚጥለውም እርሻው ላይ የዋለውን ጎልማሳ ነው። ለዚህ በሽታ ደግሞ ተራ የሆድ ራጅ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። በአየር የተነፋው አንጀት ታጥፎ ከዳሌ ተነሥቶ ወደ ላይኛው ሆድ ይወጣል፤ የተጣበቁት ሁለት ግድግዳዎች በጥቁሩ አየር መሃል አንድ ነጭ መስመር ይሠራሉ። በሙያው «የቡና ፍሬ ምልክት» ይባላል፤ በቡና አገር ላደገ ሐኪም ከዚህ የቀለለ ምልክት አይኖርም።

በእውነት ብርቅ የሚሆነው ትንሹ አንጀትና ሲግሞይድ እርስ በርስ ሲተበተቡ ነው። ራጁ ተራ መጠማዘዝ ሊመስል ይችላል፤ የሚለየው የበሽተኛው ሁኔታ ነው። ሕመሙ በሰዓታት ውስጥ ይከፋል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ በፊንጢጣ የሚገባው ቱቦም እፎይታ አይሰጥም። ሲቲ ስካን የተጠማዘዙትን የደም ሥሮች አጥርቶ ያሳያል፤ ይህን የሚክድ የለም። ግን ደም የተቋረጠበት አንጀት የሚቆየው ለሰዓታት ነው፤ ከነቀምቴ እስከ አዲስ አበባ ደግሞ 330 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የሰዓታት ጉዞ ነው፤ ያውም መንገዱ ሰላም ሲሆን። ቀዶ ሐኪም ባለበት ከተማ እንዲህ ያለ በሽተኛ መግባት ያለበት ቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። ለተሻለ ፎቶ ብሎ መንገድ ላይ ማዋል ሕክምና አይባልም።

አልትራሳውንድ «ለእርግዝናና ለኩላሊት ጠጠር» ተብሎ መናቁም ከዚሁ እምነት የመጣ ነው። ከውሻ የሚተላለፈው ትል በጉበት ውስጥ የሚሠራውን ውሃ ያዘለ ከረጢት፣ ሃይዳቲድ ሲስትን፣ በአልትራሳውንድ በሚታየው መልኩ የመደበው ቱኒዚያዊው ሐኪም ሀሰን ጋርቢ ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1981 ነበር። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የባለሙያዎች ቡድንም እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው አመዳደብ በአልትራሳውንድ ላይ የቆመ ነው። ከረጢቱ በመድኃኒት ይታከም፣ በመርፌ ይቀዳ፣ በቀዶ ሕክምና ይውጣ ወይስ ዝም ተብሎ ይጠበቅ የሚለው የሚወሰነው በዚያ አመዳደብ ደረጃ ነው። በከረጢቱ ውስጥ ያሉትን ስስ ሽፋኖች ከሲቲ ስካን ይልቅ አልትራሳውንድ አጥርቶ ያሳያል። «ተራ ሲስት» ተብሎ ካለጥንቃቄ መርፌ ከተሰካበት ግን ፈሳሹ ሆድ ውስጥ ፈስሶ ለሞት የሚያደርስ አለርጂ ሊያስነሣ ይችላል። አደጋውን የሚያመጣው የመሣሪያው ማነስ ሳይሆን በሽታው ሳይታሰብ መቅረቱ ነው።

በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ፣ በፊንጫ ሸለቆ የመስኖ እርሻ፣ ቢልሃርዝያ የታወቀ ነው። ከዚያ የመጣ፣ ደም ያስታወከና ጣፊያው ያበጠ ሠራተኛ በአልትራሳውንድ ሲታይ፣ ወደ ጉበት የሚገባው ደም ሥር ዙሪያው ወፍሮ ሊገኝ ይችላል። ለዚህ ንባብ እ.ኤ.አ. በ2000 በዓለም ጤና ድርጅት የታተመ መመሪያ አለ፤ ስሙም የኒያሜ ፕሮቶኮል ነው። የሆድ ቲቢም እንዲሁ ነው፦ ክር የመሰለ ሽፋን ያለበት ውሃ፣ የተጣበቁ እጢዎች፣ የወፈረ የአንጀት ግድግዳ። እዚህ ላይ ሲቲ ስካኑም ብዙ ጊዜ «ቲቢ ወይም ካንሰር» ብሎ ይመልሳል፤ የሚለያቸው ናሙና ነው። ናሙናውን ደግሞ በአልትራሳውንድ እየተመሩ እዚያው ከተማ መቅዳት ይቻላል።

ትልቁ ጥፋት ያለው ግን መጠየቂያ ወረቀቱ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጻፍበት «የሆድ ሕመም» የሚሉ ሁለት ቃላት ናቸው። ሕመሙ የስንት ቀን እንደሆነ፣ ትኩሳት ወይም ክብደት መቀነስ እንዳለ፣ ሰውየው ከየት እንደመጣ፣ ከዚህ በፊት ተቀዶ እንደሆነ የሚነግር የለም። ምርመራውን የሚሠራውም ጉበትን፣ ሐሞትን፣ ኩላሊትንና ጣፊያን አይቶ «ኖርማል» ብሎ ይፈርማል። አንጀቱን አላየም፤ እንዲያይም የጠየቀው የለም። በሽተኛው ግን «ምንም የለብህም» እንደተባለ ቆጥሮ ለወራት የጨጓራ ኪኒን ሲውጥ ይከርማል።

አልትራሳውንድ በሠሪው እጅ ይወሰናል የሚለው ተቃውሞ እውነት ነው። ሲቲ ስካንም በአንባቢው ዓይን ይወሰናል፤ ክርክሩ ባለሙያ ማሠልጠንን እንጂ በሽተኛ ማጓጓዝን አይደግፍም። በእርግጥ ሲቲ ስካን የግድ የሚሆንባቸው ሕመሞች አሉ፦ አየርና ስብ የጋረደው ቆሽት፣ የአንጀት ደም ሥር መዘጋት፣ ከኋላኛው ሆድ የሚነሣ እጢ፣ የካንሰር ሥርጭት። እነዚህን አለመላክ ጥፋት ነው። ሲላኩም ከነራጃቸው፣ ከነአልትራሳውንድ ውጤታቸውና ጥርት ባለ ጥያቄ ይሁን፤ ባዶ እጁን የሄደ በሽተኛ ምርመራውን እንደገና «ሀ» ብሎ ይጀምራልና።

የተላከው ሰው ሲመለስም ውጤቱ መጀመሪያ ላየው ባለሙያ አይደርስም። ቀዶ ሐኪሙ ሆድ ከፍቶ ያገኘው ነገር በቀዶ ሕክምና ማስታወሻ ላይ ተጽፎ ፋይል ውስጥ ይቀራል። አልትራሳውንድ የሠራው ሰው የተናገረው ልክ ይሁን ስህተት ሳያውቅ የሚቀጥለውን በሽተኛ ያያል። የቀዶ ማስታወሻውንና የምስል ሪፖርቱን በሳምንት አንድ ቀን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ አዲስ መሣሪያም አዲስ በጀትም አይጠይቅም፤ የሚያስፈልገው ቀዶ ሐኪሙና ምስል አንሺው አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጣቸው ነው።