የተጋበዝኩት «ሻይ» ጉድ ሠራኝ!

ለዛሬ የመረጥነው ደብዳቤ ከአንዲት የ26 ዓመት ወጣት የደረሰን ነው። ስሟን ትተን ሐሳቧን አሳጥረን እነሆ ብለናል።

«እጮኛዬ ቦሌ አካባቢ ወዳለች አንዲት ትንሽ የወይንና የኮክቴል ቤት ወሰደኝ። መብራቱ ደብዘዝ፣ ሙዚቃው ለስለስ ያለ፣ ወንበሩ የሚመች፣ ደስ የምትል ቤት ናት። እኔ መጠጥ ብዙም አላውቅም። ‹ሎንግ አይላንድ አይስ ቲ ይሻልሻል፣ ቀላል ነው› ብሎ አዘዘልኝ። ስቀምሰው የሎሚ ሻይ ነው የሚመስለው። ሁለተኛውን ስጨርስ መነሳት አቃተኝ። በማግስቱ ‹ሰው ፊት አዋረድሽኝ› ብሎ አኮረፈኝ። ይኸው ከተነጋገርን ሁለት ሳምንት ሞላን። ይቅርታ ልጠይቀው? ወይስ እንዲህ ያለ ቤት ሁለተኛ አልረግጥም ልበለው?»

እህታችን፣ ሁለቱንም አታድርጊ። በመጀመሪያ የጠጣሽውን ነገር እወቂው። ስሙ «ሻይ» ይባል እንጂ ጠብታ ሻይ የለበትም። ቮድካ፣ ጂን፣ ሩም፣ ተኪላና የብርቱካን ሊኬር እያንዳንዳቸው 15 ሚሊ ሊትር ገደማ ይገቡበትና በሎሚ፣ በስኳርና በኮካ ይሸፈናሉ። በአንዱ ብርጭቆ ውስጥ ያለው አልኮል ወደ 2 ጠርሙስ ቢራ ይጠጋል። አንቺ «ሁለት ብቻ» ያልሽው እንግዲህ 4 ቢራ ሊሆን ምንም አልቀረውም! በዚያ ላይ የሴት ልጅ ሰውነት በውስጡ የሚይዘው ውሃ ከወንድ ስለሚያንስ፣ እኩል ቢጠጡም እሷን ቶሎ ይይዛታል። ታዲያ ወደቅሽ ብሎ ማን ሊፈርድብሽ ነው?

ቤቷ ግን ምንም አላጠፋችም። እንዲህ ያሉ ቤቶች ጥሩነታቸው ጩኸት ስለሌለባቸው ተደማምጦ ለማውራት መመቸታቸው ነው። ስትሄጂ ግን የሚከተለውን ያዢ።

ባዶ ሆድሽን አትሂጂ፤ ምግብ የአልኮሉን ፍጥነት ያበርደዋል። ከማዘዝሽ በፊት አስተናጋጁን «ምን ምን አለበት?» ብለሽ ጠይቂ፤ መጠየቅ የገጠሬነት ምልክት አይደለም። ጣፋጭ ማለት ቀላል ማለት እንዳልሆነም አትርሺ። ወይን ከመረጥሽ አክሱማይት ጣፋጭ ነው፤ ጉደር ደግሞ ደረቅ ያለ ቀይ ነው። አንድ የ750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 5 ብርጭቆ ይወጣዋል፤ አንዱን ብርጭቆ ጉበትሽ ለማጥራት ከ1 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ቡና መጠጣት እንቅልፍ ያባርር እንደሆነ እንጂ ስካር አያባርርም። ስለዚህ በየመሃሉ ውሃ ጠጪ። ብርጭቆሽን ትተሽ አትነሺ። የታክሲሽን ብር ለብቻው ያዢ። ጨርሶ አልጠጣም ካልሽም አልኮል የሌለበት ኮክቴል በአብዛኛው ቤት ይሠራል፤ ማንም አያፍርብሽም።

አሁን ወደ እጮኛሽ እንምጣ። «ቀላል ነው» ያለሽ ወይ ሳያውቅ ነው፣ ወይ አውቆ ነው። ሳያውቅ ከሆነ ነገሩ በአንድ «አጥፍቻለሁ» ያልቃል፤ ግን ቃሉ መውጣት ያለበት ከእሱ አፍ ነው። አውቆ ከሆነ ግን የመጠጥ ጉዳይ መሆኑ ቀረ። ቁጥብ ሴትን በጣፋጭ መጠጥ አታሎ ማስከር ፍቅር አይደለም፤ ሌላ ስም ነው ያለው።

የትኛው እንደሆነ በምን ትለዪዋለሽ? ኩርፊያውን አንቺ ስበሪው፣ ግን በይቅርታ ሳይሆን በጥያቄ። «በዚያ ብርጭቆ ውስጥ ምን እንደነበረ ታውቅ ነበር?» በይው። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ አበው። መልሱን ብቻ ሳይሆን ፊቱንም እዪ። ደንግጦ «እኔን!» ካለ ሰውየው ሰው ነው። «አንቺ ደግሞ ታካብጃለሽ» ካለሽ ግን ቀለበቱን ከማሰርሽ በፊት ደግመሽ አስቢበት። አንድ ቀን ተመልሳችሁ ብትሄዱም «ለእኔ የማዝዘው እኔ ነኝ» በይና ዝርዝሩን ራስሽ ተቀበይ። ይህን በደስታ የሚሰማ ወንድ ነው ለትዳር የሚሆነው።

ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።