ስንት ቁልፍ አለው?

ፍኖተ ሰላም ላይ መኪና ሊገዛ የወጣ ሰው ዛሬ ዛሬ ከደላላው አፍ ቀድሞ የሚሰማው ስለ ሞተሩ ጤና አይደለም። «ፑሽ ስታርት ነው፣ ኪይለስ ነው፣ በስልክህ ታስነሣዋለህ» ነው። ዋጋውም እዚያው ላይ ሽቅብ ይወጣል። ገዢው ቁልፍ ከኪሱ ሳያወጣ በሩ ሲከፈትለት ልቡም አብሮ ይከፈትና ሊጠይቅ የመጣውን ይረሳል።

ለመሆኑ «በስልክ ይነሣል» የተባለው መኪና የሚነሣው በምንድን ነው? ትእዛዙ ከስልኩ ተነሥቶ በኢንተርኔት ወደ አምራቹ ማእከል ይሄዳል፤ ከዚያ መኪናው ውስጥ ወደተገጠመው ሲም ይመለሳል። በጥር 2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ በየመንገዱ ከሚታዩት የኤሌክትሪክ መኪኖች ውስጥ ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠሩ አሉ፤ ፎልክስዋገን አይዲ 6 አንዱ ነው። ማእከሉም፣ ሲሙም፣ መተግበሪያውም የዚያ አገር ነው። ደላላው ግን የማይሠራውን ነገር ቆጥሮ ብር ይቀበልበታል።

እሺ፣ ይሥራ እንበል። የአማራ ክልል ሰው ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶበት ወራት ኖሯል። በእነዚያ ወራት ያ ብር የተከፈለበት ነገር ምን ይረባ ነበር?

በእጅ ሪሞት የሚነሣው ሌላ ነው፤ ኢንተርኔት አይጠይቅም። እሱም ቢሆን የለመደው እንደ ካናዳ ያለ፣ ሰው ከመግባቱ በፊት መስታወቱ ላይ ያለው በረዶ መቅለጥ ያለበት አገር ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ ማለዳ ምን የሚቀልጥ ነገር አለ? ቤንዚን ከጥቁር ገበያ በጀሪካን እየተገዛ፣ ሰው የሌለበትን ሞተር ግቢ ውስጥ አሥር ደቂቃ ማስጮህ የጤና አይመስልም።

ኪይለስ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በሐምሌ ዝናብ ልጅ አዝሎ፣ ጓዝ ተሸክሞ ለሚመጣ ሰው በሩ በራሱ ሲከፈት ደግ ነገር ነው። ነገር ግን በሩ የሚያምነው ምልክቱን ነው። አንዱ ሌባ ቤቱ አጠገብ፣ ሌላው መኪናው አጠገብ ሆነው የቁልፉን ምልክት በመሣሪያ ቢቀባበሉት መኪናው ባለቤቱ የመጣ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ዙሪክ የሚገኙ ተመራማሪዎች የ8 አምራቾችን 10 ሞዴሎች በዚህ መንገድ ፈትነው ሁሉንም አስነሥተዋል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፦ ማታ ቁልፉን ክዳን ባለው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ማስቀመጥ። ቆርቆሮውን ይዞ መኪናው አጠገብ ቆሞ መሞከር ነው፤ በሩ ከተከፈተ ቆርቆሮው አልረባም።

የሌባው ነገር ግን ትንሹ ነው። ትልቁ፣ ማንም የማይጠይቀው፣ የቁልፉ ቁጥር ነው። ያገለገለ መኪና ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ባንድ ቁልፍ ነው። የድሮው ቁልፍ ቡሬ ገበያ ላይ ቢጠፋ በሞረድ የሚቀርጽ ባለሙያ አይታጣም ነበር። ይሄኛው በኮምፒውተር ከመኪናው ጋር ካልተዋወቀ ብረት ነው። ሁለተኛ ቁልፍ ካለ ሌላ ማስጨመር ይቀላል፤ ያለው አንድ ሆኖ ከጠፋ ግን መኪናውን በሎቤድ ጭኖ ዓባይ በረሃን ማሻገር፣ ወይ ባለሙያውን ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ማስመጣት ነው። መንገዱ በተዘጋ ሳምንትስ? መኪናው ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ግቢ ውስጥ ይቆማል፤ ባለቤቱ ታማሚውን በባጃጅ ያመላልሳል።

ስለዚህ ብር ከመቆጠሩ በፊት ገዢው የሪሞቱን ባትሪ ያውጣና ለሻጩ ይስጠው። አብዛኞቹ ስማርት ቁልፎች ሆዳቸው ውስጥ የብረት ቁልፍ ደብቀዋል፤ በሩ እጀታ ላይም፣ አንዳንዴ ከሽፋን ሥር፣ ቀዳዳ አለ። በብዙ ቶዮታዎች ደግሞ ፍሬን ተረግጦ የሞተው ሪሞት ከማስነሻ ቁልፉ ጋር ሲነካካ መኪናው ይነሣል። ሻጩ ይክፈት፣ ያስነሣ። ከዚያ ሁለተኛውን ቁልፍ ያምጣ። «አዲስ አበባ ቀርቷል» ካለ፣ እስኪመጣ ድረስ ብሩም ባንክ ይቆይ።