ስሙን የረሳ ሰው ፊልም

ሰንበት ሲወጣ ልጆቻችን ፊልም ይከፍታሉ፣ እኛም "ልጆቹን ያበላሸው ይኸው ነው" እያልን እንቆጣለን። እስቲ ቁጣውን ትተን አብረን እንይ። በ2002 የወጣውን የቦርንን ፊልም አየነው። ሰውየውን ዓሣ አጥማጆች ከባሕር ያወጡታል፣ ስሙን እንኳ አያውቅም። ባንክ ሄዶ ሣጥን ሲከፍት ፓስፖርቱ ብዙ ነው፣ በየፓስፖርቱ ሌላ ስም! የሚያሳድዱት ሰዎች ከራሱ ይልቅ ያውቁታል። ልብ የሚሰቅለውም ይኸው ነው፤ ተመልካቹ አብሮት ይፈልጋል።

ታዲያ ይህ ለኛ ልጅ እንግዳ ነገር ነው? ገና ከአውሮፕላን እንደወረድን በተዑዳት ዘሁታችን ላይ ሌላ ስም የተጻፈልን ስንቶቻችን ነን! በሱዳን በኩል ስንመጣ በመንገድና በካምፕ ወደ 4 ሺህ ወገን ቀበርን። ልጁ ሲጠይቀን ግን "ተወው፣ አልፏል" አልነው። ሐዘኑ ከብዶን ነው፣ እሺ። ዝም ያልነው እኛ ሆነን ፊልሙን መውቀስ ግን ምን ይሉታል?

የሚመጣው ሰንበት ሲወጣ አጠገቡ እንቀመጥ። ፊልሙ ሲያልቅ ቡና እናፍላና የአያቱን የቀድሞ ስም፣ የወጣንበትን መንደር፣ ኡምራኩባ ማን እንደቀረብን እንንገረው።