ግብጽ ያገኘችው ድል ለአባት እናቶቻችን ምን ይነግረናል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ግብጽን ሄፓታይተስ ሲን ለማጥፋት በሚደረገው ጉዞ "የወርቅ ደረጃ" የደረሰች የመጀመሪያዋ ሀገር ብሏታል። ከአሥር ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ የበሽታው ስርጭት ከ10 በመቶ ወደ 0.38 በመቶ ወርዷል። ዜናው ብዙም ሳይወራለት አለፈ። በዕድሜ የገፉ ወላጆች ላሉን ሰዎች ግን ቆም ብለን ልናጤነው የሚገባ ነው።

በሽታው በግብጽ የተስፋፋው በነውር አልነበረም። ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ መንግሥት የአባይ ዳርቻ ገበሬዎችን ከቢልሃርዝያ ለማዳን በመርፌ ያክም ነበር። መርፌው በወጉ ሳይጸዳ ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው ይሄድ ነበር። ቫይረሱ ራሱ የታወቀው በ1989 ነው። ለመዳን ብለው ክንዳቸውን የሰጡ ሰዎች ሳያውቁት ሌላ በሽታ ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ ማለት ነው።

ሄፓታይተስ ሲ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያለ ምልክት ሊቀመጥ ይችላል። በወጣትነት የገባ ቫይረስ በሽምግልና ይገለጣል፤ ያኔ ጉበት ጠባሳ ይዟል ወይም ወደ ካንሰር ተሸጋግሯል። ዓይን ቢጫ ሲሆን "የወፍ በሽታ ነው" ብለን የባህል መድኃኒት ፍለጋ የምንሮጠው ብዙ ጊዜ ከረፈደ በኋላ ነው።

ከ2013 ጀምሮ የሚዋጥ መድኃኒት አለ። ከ8 እስከ 12 ሳምንት ተወስዶ ከ95 በመቶ በላይ ሕሙማንን ይፈውሳል። አሜሪካ ውስጥ 84 ሺህ ዶላር የነበረውን ሕክምና ግብጽ በ2014 ተደራድራ በ900 ዶላር ገደማ አገኘችው። በ2016 መድኃኒት የሚጠባበቀው ሰልፍ አለቀ። ነገር ግን ያለቀው ሰልፉ እንጂ በሽታው አልነበረም፤ አብዛኛው ሕመምተኛ መታመሙን አያውቅም ነበርና። ስለዚህ በኦክቶበር 2018 ዘመቻ ተጀመረ፤ በሰባት ወር ውስጥ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጉ አዋቂዎች ተመረመሩ። ትልቁ ትምህርት እዚህ ላይ ነው፦ መድኃኒት ያለ ምርመራ ሰው አያድንም።

ወደ እኛ እንመለስ። ወደ ባሕረ ሰላጤው ሀገራት ለሥራ የሚሄዱ ወጣቶቻችን ለቪዛ ሲባል ይህ ምርመራ ይደረግላቸዋል፤ ከተገኘባቸው ጉዞው ይቀራል። ስለዚህ በብዙዎቻችን ዘንድ ምርመራው በር የሚዘጋ ነገር ሆኖ ይታያል። ለእናት ለአባቶቻችን ግን በር የሚከፍት ነው፤ እነሱ ግን አንድም ጊዜ አልተጠየቁም። በድሮ ዘመን በየመንደሩ መርፌ የተወጉ፣ ደም የተሰጣቸው፣ በጋራ ምላጭ ዋግምት የተደረገላቸው ስንቶች ናቸው?

ጊዜው ወሳኝ ነው። ጉበት ሳይጠባሰስ ቫይረሱ ከጠፋ ሰውየው ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። ጠባሳው ከጠና በኋላ ግን ቫይረሱ ቢጠፋም የካንሰር ስጋቱ ሙሉ በሙሉ አይወገድም።

የመጀመሪያው ምርመራ ጥቂት የደም ጠብታ ይበቃዋል። እሱ ካመለከተ፣ ቫይረሱ አሁንም በደም ውስጥ መኖሩን የሚያረጋግጥ ሁለተኛ ምርመራ ያስፈልጋል፤ በራሱ የዳነ ሰውም በመጀመሪያው ሊገኝ ይችላልና። "ጉበቴን መርምሩልኝ" ማለት ብቻ አይበቃም፤ ሄፓታይተስ ሲን በስሙ መጠየቅ ያሻል። በሽታው አብሮ በመብላት፣ በመጨባበጥ ወይም በመተቃቀፍ አይተላለፍም፤ ስለዚህ ማንንም ከማዕድ ማግለል አይገባም።

ሰበብ ማድረስ ከተወኩል ጋር እንደማይጋጭ ዑለሞቻችን ደጋግመው አስተምረውናል። የመስጂድ ኮሚቴዎችና ጀማዓዎች ከሐኪሞች ጋር ተነጋግረው ለአረጋውያን የምርመራ ቀን ቢያዘጋጁ፣ ሒጃማ የሚሠሩ ወንድምና እህቶችም ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ምላጭ ቢጠቀሙ ትልቅ ኸይር ነው። ለወላጅ በጎ መዋል ገንዘብ መላክ ብቻ አይደለም። አንዳንዴ እጃቸውን ይዞ ጤና ጣቢያ ማድረስም ነው።