ተሸናፊው ኩባንያ ይሰንብትልን!

የፈረንጅ ገና በተቃረበ ቁጥር በየቤታችን ክርክር ይነሳል። ትልቁ ልጅ የሶኒ፣ ተከታዩ የማይክሮሶፍት፣ ታናሽየዋ የኒንቴንዶ ደጋፊ ናቸው። እኛ በጊዮርጊስና በቡና እንደተጣላነው ሁሉ እነሱም የቪዲዮ ጌም ኩባንያ ጠበቃ ሆነው ሲፋጁ ማየት ያስቃል። ለመሆኑ ሒሳቡን የሚከፍለው ወላጅ የየትኛው ወገን መሆን አለበት? እኔ የተሸናፊው ነኝ። ምክንያቴን ላስረዳ።

እ.ኤ.አ. በሜይ 1995 ሎስ አንጀለስ በተደረገው የጌም ትርዒት ላይ ሴጋ ‹‹ሳተርን›› የተሰኘውን መጫወቻ በ399 ዶላር መሸጥ መጀመሩን በድንገት አስታወቀ። ዕቃውን ለጥቂት መደብሮች ብቻ በማከፋፈሉ የተዘለሉት ነጋዴዎች አኮረፉ። በዚያው ዕለት የሶኒው ስቲቭ ሬስ መድረክ ላይ ወጣና ‹‹299›› ብሎ ወረደ። በቃ! (የማኅበሮቻችን ሊቀመናብርት ከዚህ ንግግር ቢማሩ እንዴት መልካም ነበር።)

ከዚያ በኋላ ለገዢው ሠርግና ምላሽ ሆነ። ሴጋ በዚያው ዓመት ወደ 299 ወረደ፤ ኒንቴንዶ 64 በ1996 አሜሪካ ሲገባ ዋጋው 199 ነበር፤ የሶኒው ፕሌይስቴሽን በ1999 99 ዶላር ደረሰ። ኩባንያዎቹ ይህን የቻሉት ዋናው ትርፋቸው ከሣጥኑ ሳይሆን ከጨዋታው ስለሆነ ነው፤ ሌላ ድርጅት ሠርቶ ከሚሸጠው ጨዋታ ላይ ሳይቀር ድርሻቸውን ያነሳሉና። ሴጋ ግን ፉክክሩን አልቻለውም። በ2001 ‹‹ድሪምካስት››ን አቁሞ ለትናንት ጠላቶቹ ጨዋታ ሠሪ ሆነ።

ዛሬስ? በ2020 በ499 ዶላር የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 በአምስተኛ ዓመቱ ይረክሳል ሲባል በኦገስት 2025 549 ገባ። የማይክሮሶፍቱ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስም በዚያው ዓመት ሁለት ጊዜ ጨምሮ ከ499 ወደ 649 ወጣ። ኩባንያዎቹ የኢኮኖሚውን ሁኔታ ያመካኛሉ፤ ቀረጥም የቺፕ ዋጋም መኖሩን አልክድም። ይሁንና በ1995 ቢሆን ኖሮ አንዱ ሲጨምር ሌላው ተነስቶ ‹‹299›› ይል ነበር። አሁን ማይክሮሶፍት ጨዋታዎቹን ለሶኒ መሣሪያ ማቅረብ ይዟል፤ ‹‹ፎርዛ ሆራይዘን 5›› በ2025 ፕሌይስቴሽን ላይ ወጥቷል። ይህ መንገድ ሴጋን ያስታውሰኛል፤ ደስም አይለኝም።

‹‹ኒንቴንዶ አለ አይደለም ወይ?›› የሚል ይኖራል። አለ። ስዊች 2 በጁን 2025 በ450 ዶላር ወጥቶ በአራት ቀን ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ማሪዮን የያዘ ኩባንያ ግን ከሌሎቹ ጋር በዋጋ መተናነቅ ብዙም አያስፈልገውም፤ እንዲያውም ‹‹ማሪዮ ካርት ወርልድ››ን በ80 ዶላር አቀረበልን።

ስለዚህ ወላጆች፣ ሱቅ ስትገቡ ዲስክ የማይቀበለውን ረከስ ያለ ሣጥን አይታችሁ አትቸኩሉ። ከጎረቤት ልጅ የሚዋሱት፣ ያገለገለ ተብሎ በግማሽ ዋጋ የሚገኘው ዲስክ እዚያ ውስጥ አይገባም።