ሄልሜት ከሰጡ በቃ?

ጂኦግራፊ ያስተማርኳችሁ ልጆች የኒውዚላንዷን ዋይት አይላንድ ታስታውሷት ይሆናል። በፈረንጆቹ ኖቬምበር 18 ቀን 2019 የእሳተ ገሞራው የስጋት ደረጃ ወደ 2 ከፍ አለ። ሳይፈነዳ የሚሰጠው ትልቁ ደረጃ እሱ ነው። ጉብኝቱ ግን ቀጠለ። ዲሴምበር 9 ሲፈነዳ ደሴቷ ላይ 47 ሰው ነበር፤ 22ቱ ሞቱ። ብዙዎቹ አደጋው በቅጡ ሳይነገራቸው ነው የሄዱት። ሄልሜትና የጋዝ ጭንብልማ ተሰጥቷቸዋል! ሄልሜት እኮ የጋለ አመድና እንፋሎት አይመክትም።

አስጎብኚዎቹ ተቀጥተዋል። እኔን የሚያበግነኝ የባለቤቶቹ ነገር ነው። ከአስጎብኚዎች ገንዘብ እየተቀበለ ደሴቷን ይፈቅድ የነበረው ኩባንያቸው በ2023 ጥፋተኛ ተብሎ በ2024 ከ1 ሚሊዮን በላይ የኒውዚላንድ ዶላር ተቀጣ። በ2025 ግን ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሻረለት፤ መግቢያ ፈቀደ እንጂ ጉብኝቱን አያስተዳድርም ተብሎ። በሕግ ቋንቋ ያስኬድ ይሆናል። ለኔ ግን ገንዘቡ ሲመጣ ባለቤት፣ አደጋው ሲመጣ ባዳ መሆን አይዋጥልኝም።

ውጭ አገርም ሆነ እዚሁ ኤርታ አሌ የምትሄዱ፣ ሳትከፍሉ በፊት የዕለቱ ስጋት ምን ያህል እንደሆነና ጉዞውን የመሰረዝ ሥልጣን የማን እንደሆነ ጠይቁ። ከተሰረዘ ብሩ እንደሚመለስም በጽሑፍ ያዙ።